ሬሳ የሌለው ለቅሶ

ደሬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ያንተን ጤና መጠየቅ ካቆምኩ ግን ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ፤ ስለዚህ ከእኛው ልጀምር። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ ማርታም ደህና ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች፤ ስትቆጣ አንድ ቅንድቧን ብቻ የምታነሳው ነገር ካንተ እንደወሰደችው አለ። የቁም ሣጥኑን መስታወት ወደ ቦታው አስመልሼዋለሁ። ለፊልሜ ፀሐይ ላንጸባርቅበት ብለህ ነቅለህ ቡራዩ ድረስ ወስደኸው፣ ጥጉ ተሸርፎ የመለስከውን ማለቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተኝቶ፣ እኔ በእጅ መስታወት ፊቴን ስፈልግ ኖርኩ። አሁን ከራሴ እስከ እግሬ ያሳየኛል፤ ጥጉ ላይ ብቻ ግራ ትከሻዬ ይጎድላል። አዲስ አስገቢ ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

ሰበታ እንደምታውቃት ናት። ወደ አየር ጤና የሚሄደው የጠዋት ሚኒባስ ሰልፉ አልቀነሰም። ከቤታችን ጀርባ፣ ሽምብራ ይበቅልበት በነበረው መስክ ላይ የሚሠራው መጋዘን አልቋል። ግንቡ የጠዋት ፀሐያችንን ስለወሰደው መብራት አብርቼ ነው የምለብሰው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ቢሮ ድረስ ሄጃለሁ፤ የነገረኝ ሰው የለም።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለማውራት አይደለም። በሕይወት ሳለህ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቅኩህ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ ያን ቀን ሰዎቹ እንደሚመጡ ታውቅ ነበር ወይ? አንዴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ፣ አንዴ ሌንስህን እየወለወልክ ታልፈኝ ነበር። እንደ እኔ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ያልተመለሰ ፋይል እንቅልፍ እንደሚነሳው ታውቃለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ አንቺ ሁለቱንም ነሽ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እንግዲህ ሳቅ፤ መልሱን አግኝቼዋለሁ።

ለቀባሪ አረዱት ቢሆንም ከመጀመሪያው ላውራህ። ቅዳሜና እሑድ የሰው ሠርግ ትቀርጽ ነበር። ሙሽሮቹን እንደዚያ አሳምረህ ያነሳህበትን ካሜራ ሰኞ ተሸክመህ የሰው ሆድ የሚያባባ፣ የሹም ፊት የሚያጠቁር ነገር ፍለጋ ትወጣለህ። ማይክህን የሰካህበት የእኔ የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ እኔ ጎንበስ ብዬ በጭራሮ እጠርጋለሁ። ቡራዩ ላይ ግድግዳው የፈረሰበት ቤተሰብ፣ ጣሪያም ግድግዳም በሌለበት ወለል ላይ፣ እንደ ወትሮው ምሳውን ሲበላ ቀረጽክ። እናትየዋ በሌለው በር ወጥታ በሌለው በር ስትገባ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። ሱሉልታ ደግሞ ባዶ ጄሪካን የያዙ ሴቶችን በአንድ አጥር ጥግ አሰልፈህ፣ ምንም ሳይናገሩ ሃያ ደቂቃ ወደ እኛ እንዲያዩ አደረግክ። ያን በአንሶላችን ላይ ለጎረቤት ስታሳይ መጀመሪያ ሰው አሳለ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ወጡ፤ አንዱ ደግሞ ተናገሩ እንጂ ብሎ አንሶላውን ተቆጣ። ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎህ ሰነበትክ። ከአንድ ቢሮ ጠርተውህ ፍላሽህን አስቀርተው ሲመልሱህ ያልከኝ ትዝ ይለኛል፤ ፊልሜን ሁለቴ ያዩልኝ እነሱ ብቻ ናቸው አልከኝ። እኔ ስፈራ ነው ያመሸሁት፣ አንተ በልተህ ተኛህ።

ከዚያ የኦቦ ገመቹ መሬት መጣ። ሽምብራው መስክ ከአባታቸው መሬት የቀረቻቸው የመጨረሻዋ ነበረች፤ የቀረው ሁሉ ቀደም ብሎ ሰፈር ሆኗል። የእኛ ኪራይ ቤት እሱ ላይ ነው። የእድራችን ዳኛ የአቶ ተካልኝ የብረታ ብረት ሱቅም እሱ ላይ ነው። መስኩ ለመጋዘኑ ሲታጠር ያንተ ሐሳብ ለመሬቱ ለቅሶ መቀመጥ ሆነ። የእድሩን ድንኳን ዝግጅት አለብኝ ብለህ አስፈቅደህ ወሰድክ። አፈር በሰፌድ አድርገህ፣ አልጋ ላይ አስቀምጠህ፣ እስከ ግርጌው ነጠላ አልብሰህ፣ ኦቦ ገመቹን ጋቢያቸውን ለብሰው ፊቱ አስቀመጥካቸው። ለእኔ ሥራ አለኝ ብቻ ብለህ ነበር የወጣኸው።

እኔ የሰማሁት ጥሩምባውን ነው። ጋሽ ወንድሙ የእድሩ ለፋፊ፣ ኦቦ ገመቹ ቤት ለቅሶ አለ እያሉ ሲነፉ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ከታመሙ ቆይተው ነበርና ማንም ሁለተኛ አልጠየቀም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሮጥን። የአዴ ጫልቱን ደግነት እየጠራን አለቀስን፤ እሳቸው ያን ጊዜ ተፍኪ ልጃቸው ቤት ሾርባ እየጠጡ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለቀስን በኋላ አቶ ተካልኝ ሬሳውን ለማንሳት ሊያግዙ ተጠግተው ነጠላውን ገለጥ ቢያደርጉት አፈር። ቀና ስንል ካሜራህ። የሚስትህን ፊት ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ እየቀረጽክ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። በሞት አይቀለድም ተባለ። አንተ ተነስተህ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ተቀመጥክ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርክም። ከእድር ተሰረዝን። ኦቦ ገመቹን ሁሉም በአንተ የተታለሉ ሽማግሌ አድርጎ አዘነላቸው። ከዚያ ወዲያ ዳኛው ሬሳውን በዓይናቸው ሳያዩ ጥሩምባ አይነፋም የሚል ደንብ ወጣ። እኔም ተቆጥቼ ያን ፊልም ላላይ ማልኩ።

ደሬ፣ ያ ደንብ ያን ማክሰኞ እንዴት አድርጎ እንደዞረብህ አታውቅም። ጫማህን እያሰርክ ልብህ ቆመ። የእድር አባል አይደለህምና ዳኛው መጥተው የሚያዩህ ወግ የለም። ጋሽ ወንድሙ ግን የመጣው ይምጣ ብለው ጥሩምባውን ከቤታቸው ይዘው ወጡ። ሰው ሰማና፣ ዛሬ ደግሞ የማንን መሬት ሊቀብር ነው አለ። ጋሽ ወንድሙ ቢጨንቃቸው እውነት ነው፣ ፊልም አይደለም እያሉ ለፈፉ። እንዲህ ብሎ የሚለፍፍ ለፋፊ ታይቶ ስለማይታወቅ ሰው የባሰ ሳቀ። እናቴ ቀባሪ አያሳጣሽ ብላ ስትመርቀኝ ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከቤት ስናወጣህ ሰባት ነበርን፤ አንዷ ማርታ ናት።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሰው ከሱቁ ብቅ እያለ ያይ ጀመር። የሚያየው ግን እኛን አልነበረም። ከኋላችን፣ ከጎናችን፣ ጣሪያ ላይ ያይ ነበር። ካሜራህን እየፈለጉ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሲያጡ ነው ያመኑት። ጥጉ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ወይዘሮ ብርቄ ሚዛኗን ጥላ እየጮኸች መጣች፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ መንገዱ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን እነዚያን ከቤት እስከ አስፋልት ያሉትን ደቂቃዎች አልረሳኋቸውም።

ከአርባህ በኋላ አቶ ተካልኝ መጡ። ፊልሙን አጥፊው፣ በጠቅላላ ጉባኤ እንመልስሻለን አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ አልኩ። አትቀየመኝ። ነገ እኔ ብሞት ልጄ ሬሳዬን ታቅፋ፣ ማን ያምነኛል እያለች ትቁም? ላጠፋው ቆርጬ ነበር። ግን እኛ መሥሪያ ቤት ፋይል ሳይነበብ አይወገድም። ልማድ ሆኖብኝ፣ ደግሞም የማወቅ አባዜ ይዞኝ፣ ከመደምሰሴ በፊት አንድ ጊዜ ልየው አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማርታ ላፕቶፕህን ከፈተችው። ሽምብራ ብለህ በሰየምከው ፎልደር ውስጥ ነው። የተቆራረጠውን ትተን ጥሬውን ከፈትን። መጀመሪያ ጋሽ ወንድሙ ጉንጫቸውን ነፍተው ይታያሉ። አንተ ከኋላ ሆነህ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ለካሜራ ብቻ ነው ትላቸዋለህ፤ እሳቸው እንደ ሁልጊዜው ሰፈሩን ያናውጡታል። በኋላ ስጠይቃቸው ጥሩምባ ቀስ ተብሎ አይነፋም አሉኝ። ቀጥሎ ሴቶች ከሩቅ እየሮጡ ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ እኔ ነኝ፤ በአንድ እግሬ ጫማዬን፣ በሌላው የማርታን ሲሊፐር አድርጌያለሁ። እዚህ ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አንተ እጅህ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ድምፅህም ይሰማል፦ «ወይ ጉዴ፣ እውነት መስሏቸው ነው። ኦቦ፣ ይቆዩ፣ ልንገራቸው።» ካሜራው ወደ ታች ይወርዳል፣ መሬትና ጫማህ ይታያል።

ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ይመጣል፦ «ዲሲ፣ ደሬ፣ ዲሲ። ተዋቸው፣ ያልቅሱ። ቤታቸው እሱ ላይ አይደል የቆመው።»

ማርታ አቆመችው። መልሳ አጫወተችው። ሦስት ጊዜ ሰማነው፣ ከዚያ እኔ ወጥቼ ደጅ ላይ ቆሜ ግንቡን አየሁ።

እንደምንመጣ አታውቅም ነበር። ልትነግረን ነበር። ያስቆሙህ እሳቸው ናቸው፤ አንተ ደግሞ ለማንም ሳትናገር፣ ለእኔም ሳትናገር፣ ጥፋቱን ተሸከምክ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። ብትናገር የሚሰረዙት እሳቸው ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ ደግሞ ለሞት ተቃርበው ነበር። በአራተኛው ወር ሲያርፉ አቶ ተካልኝ ሄደው አይተው፣ ጥሩምባው ተነፍቶ፣ እድሩ በወጉ ቀበራቸው። አንተ ከድንኳኑ ውጭ አጥር ተደግፈህ ቆመህ ነበር። እኔ አፍረህ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ዓመት አብሬህ ተኝቼ ይህን አለማወቄ እስከ አሁን ያናድደኛል።

አሁን ጭንቁ የእኔ ሆነ። ብደመስሰው እኔና ማርታ እድር እንገባለን፣ አንተ በሞት የቀለድክ ሰው ሆነህ ትቀራለህ። ባሳየው ያንተ ስም ይጠራል፣ አንተ ዝም ብለህ የጠበቅካቸው ሽማግሌ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ድምፁን በስልኬ ይዤ ተፍኪ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹ ልጃቸው ጋ ናቸው። ደጁ ላይ በሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሽምብራ ዘርተዋል፤ ዘጠኝ እግር በቅሎላቸው ነበር። በኦሮምኛ አካም ጅርቱ አልኳቸው፤ አነጋገሬ እንደ ሁልጊዜው አሳቃቸው። ድምፁን ሳሰማቸው መጀመሪያ የገረማቸው ድምፄ መቼ ነው እንዲህ ያረጀው የሚለው ነበር። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና ወደ ሽምብራው ዞሩ። «እሱ ስለኔ ዝም ብሎ ሞተ» አሉኝ፤ «እኔ ዝም ብዬ አልሞትም። አሳዪያቸው።» ለመምጣት መኪና ልላክልዎ ብላቸው፣ መንገዱ መሬቴ ነበር፣ አውቀዋለሁ ብለው ቀለዱ።

ከዚያ አቶ ተካልኝ ሱቅ ሄድኩ። አላጠፋም፣ ግን ሳያዩት አይፍረዱ አልኳቸው። ምስማር መቁጠር ጀመሩ። በኋላ ያሉኝን ልንገርህ፤ ያን ቀን ያለቀስኩት ለአዴ ጫልቱ አልነበረም አሉ። እናታቸው አገር ቤት ሲሞቱ መንገዱ ተዘግቶ ሳይቀብሯቸው ቀርተዋል፤ የሰው ለቅሶ ሲያገኙ ያን ሁሉ አወጡት። ፊት ለፊታቸው የነበረው ሰፌድ ሙሉ አፈር መሆኑ ነው ያሳፈራቸው። የእናትዎም መቃብር ያው አፈር ነው አልኳቸው። እሑድ ጠዋት ድንኳኑን ራሳቸው አስጭነው መጡ።

አንሶላችንን ሰቀልን፤ ያ የሻይ ቡኒ ምልክቱ አሁንም ጥጉ ላይ አለ። ጋሽ ወንድሙ ጥሩምባቸውን ይዘው ዞሩና አዲስ ነገር ለፈፉ፦ ዛሬ የሞተ ሰው የለም፣ ደረጀ ቤት ፊልም አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደሬ፣ ሰው እንዴት ሆኖ እንደመጣ ልንገርህ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወንዶቹ ጋቢ ደርበው መጡ። ወይዘሮ ብርቄ ንፍሮ በሳፋ ተሸክማ መጣች። የተሳሳቱ መስሎኝ ለቅሶ አይደለም እኮ አልኳት። ባለፈው አርፍጄ ነበር አለችኝና ሳፋውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

ፊልሙ ሲጀምር ጫማዬን አይተው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ካሜራው ወደ መሬት ወረደ። የሽማግሌው ድምፅ ተሰማ። ኦቦ ገመቹ ከአግዳሚው ተነሱ፤ «አና» አሉ፣ «እኔ ነኝ።» ከአንሶላው በላይ ያ ግንብ ይታያል፤ ከመካከላችን እግሩ ያረፈበትን መሬት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ነበር። አቶ ተካልኝ ተነሱና እጃቸውን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧቸው። አንሶላው ላይ ለቅሶው ሲጀመር ድንኳኑ ውስጥም ተጀመረ። አንዳንዱ ላንተ ነበር፣ አንዳንዱ ለመስኩ፣ አንዳንዱ ለማን እንደሆነ እንጃ። አቶ ተካልኝ ለማን እንዳለቀሱ አልጠይቅም።

አንድ ነገር ላይ ግን ይቅር አላልኩህም። ተዋቸው ሲሉህ እኛን ተውከን፣ ካሜራውን ግን አልተውከውም። አንስተህ ቀጥታ ወደ እኔ ፊት መጣህ። ያን ፊት አየሁት፤ እውነት ለመናገር ከሠርጋችን ፎቶ ያምራል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ማን ፈቀደልህ? የሱሉልታዎቹን ሴቶች ጠይቀህ ነበር፣ የቡራዩዋን እናት ጠይቀህ ነበር፣ የራስህን ሚስት ግን ሳትጠይቅ አለፍክ።

ስለዚህ እኔ ጠየቅኩ። ካሜራህን ከሣጥን አውጥቼ ከአንሶላው ፊት ቆምኩና፣ እያያችሁ ሳላችሁ ልቅረጻችሁ ወይ አልኳቸው። ተያዩ። ቅረጪን አለች ወይዘሮ ብርቄ። አቶ ተካልኝም እኔን ከጎን ብቻ አታንሺኝ፣ አፍንጫዬ ይረዝማል አሉ። ጋሽ ወንድሙ ጥሩምባቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ቀይ መብራቷ ስትበራ ዝም በይ ስትለኝ ትኖር የለ? በራች፣ ዝም አልኩ። በዚያች ትንሽ ስክሪን ውስጥ ሰው ሁሉ የቀረበም የራቀም መስሎ ታየኝ፤ አንተም እንዲህ ነበር የምታየን? ይኸው፣ አንዱ ፋይል ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። ይህኛውን የምጠይቅህ ካንተ መልስ ጠብቄ አይደለም፤ እያነሳሁ አየዋለሁ።

ማግስቱን አቶ ተካልኝ የእድሩን መዝገብ ይዘው መጥተው፣ የእኔንና የማርታን ስም ከጻፉ በኋላ ያንተንም ከላይ ጻፉት። በመዝገብ ሥራ ዘመኔ ለሞተ ሰው አባልነት ሲሰጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደንቡንም አልሻሩትም፤ ሬሳ ሳይታይ ጥሩምባ አይነፋም፣ ከፊልም በስተቀር የሚል ጨመሩበት።

ባትሪ ሳይነካ ከከረመ ይሞታል ብለኸኝ ነበር። በየቅዳሜው ጠዋት፣ ለገበያ ሳልወጣ፣ የካሜራህን ባትሪ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። መብራት ከጠፋ ወይዘሮ ብርቄ ጎረቤት ጄኔሬተር አለ ብላኛለች። መስታወቱ ፊት ስቆም የጎደለውን ትከሻዬን ባየሁ ቁጥር ቡራዩ የሄድክበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ ቀይዋ መብራት በበራች ቁጥር ደግሞ ከኋላዬ ቆመህ ዝም በይ የምትለኝ አንተ ነህ። ዝም እላለሁ። አስቀድሜ ግን እጠይቃቸዋለሁ።

ያንተዋ ስንዱ